መሃል ከተማ ያለው አዳራሽ ሊታደስ ነው አሉ፤ መጀመሪያ ግን ጣሪያው!

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። መሃል ከተማ ያለው የድሮው አዳራሽ ከነፊት ለፊቱ አደባባይ ሊታደስ ነው የሚባለውን ሰምታችኋል? እኔ ተራ ወሬ መስሎኝ ነበር። ትናንት በዛ በኩል ሳልፍ ግን ሁለት ልጆች ሜትር ይዘው ደረጃውን ሲለኩ አየሁ። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል። ስለዚህ ነገሩ አለ ማለት ነው።

እኔ በዚህ አዳራሽ መጋረጃ ጎትቻለሁ። ቀልድ አይደለም፣ ሥራዬ እሱ ነበር። ሃይስኩል እያለን የቲያትር ክበብ ነበረን፣ ድምፅህ ለመድረክ አይሆንም ተብዬ ገመዱ ተሰጠኝ። አንድ ቀን፣ ሐምሌ ነው፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ሰው በመስኮት ሁሉ ነው የሚያየው። እናትየዋ የልጇን ሞት የምትሰማበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚገለብጡበት ነው የሚመስለው። ልጅቷ ትጮኻለች፣ እኛ የሚታየን አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። ከኋላ አንዱ «ድምፅ!» ብሎ ጮኸ፣ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በለቅሶው ቦታ! ልጅቷ ዝም አለች። ከዛ መድረኩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ፣ ሕዝቡ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ ዝናቡ እስኪያባራ 20 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሲያባራ ተነስታ ካቆመችበት ቀጠለች።

ስለዚህ እድሳት ሲባል መስታወትና ቀለም ከሆነ የታሰበው እኔ የለሁበትም። መጀመሪያ ጣሪያው። እናንተስ ምን ይቆይ፣ ምን ይቀየር ትላላችሁ?

አዲስ ጅማ፦
ትዝታህ ደስ ይላል ወንድሜ፣ ግን እኔ እዚያ ውስጥ የሚታደስ ነገር አይታየኝም። ማፍረስ ነው። ግድግዳው ሻጋታ፣ ኮርኒሱ ውስጥ የሌሊት ወፍ፣ ሽንት ቤቱን ደግሞ አልናገርም፣ ምግብ ላይ ያለ ሰው ይኖራል። ከተማው እየተቀየረ ነው፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን እያያችሁ ነው፣ መሃሉ ላይ ይሄን አሮጌ ነገር ትታችሁ ለእንግዳ ምን ልትሉ ነው? ባለ አምስት ፎቅ ይሠራበት። ከሥር ሱቅ፣ ከላይ አዳራሽ። ኪራዩ ወጪውን ይመልሳል፣ አለቀ።

ባጃጅ ቁጥር 3፦
አምስተኛ ፎቅ ላይ ሙሽራ ተሸክመን ልንወጣ ነው? ሊፍት አለ እንዳትለኝ፣ መብራት ሲሄድ ሙሽራዋ ሊፍት ውስጥ ነው የምትሞሸረው 😂

ኪቶ ፉርዲሳ፦
ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ልናገር። አዳራሽ ማለት መሃሉ ላይ ምሰሶ የሌለው ሰፊ ቦታ ነው። እሱን መሬት ላይ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ሱቅ ላይ መጫን ደግሞ ሌላ። የላይኛውን ክብደት የሚሸከመው ቢም ወፍራምና ውድ ይሆናል። ከዛ 500 ሰው በአንድ ጊዜ ጭስ አየሁ ብሎ ሲሮጥ በደረጃ ነው የሚወርደው። አሁን ያለው አዳራሽ ትልቁ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? በሩን ከፍተህ በቀጥታ አደባባዩ ላይ መውጣትህ ነው። በነገራችን ላይ የጎን በሮቹ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈቱት፣ አይታችኋል? ሰው ተገፋፍቶ በሩ ላይ ከተደገፈ ማንም አይከፍተውም። ቀለም ሳይቀቡ በፊት እነሱን ገልብጠው ይግጠሙልን።

ፈረንጅ አራዳ፦
@አዲስ ጅማ፣ ባንተ ሂሳብ ቢሆን ኖሮ ብሔራዊ ቲያትርም አይኖርም ነበር። እሱ እኮ ጣሊያኖች ሲኒማ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት የሄዱት ሕንፃ ነው። በኋላ ተስፋፍቶ ተጨርሶ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተከፈተ። የጣሊያን ጅምር ነው፣ ይፍረስ ያለ የለም። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 የተመረቀ ነው። ዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በ2017 ተከፈተ፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ታድሶ እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ነገር ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይነካም ይላል፣ ጥገናም ቢሆን። ስለዚህ ሜትር ይዘው የመጡት ልጆች ከመለካታቸው በፊት መጠየቅ ያለበት ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው።

ሻጋታውን በተመለከተ ደግሞ ጥፋቱ የሕንፃው አይደለም። ግድግዳው በኖራ የተገነባ ድንጋይ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ እርጥበት ቢገባም ይወጣል። አንዱ ጎበዝ መጥቶ የውጩን በሲሚንቶ ለሰነው፣ ከላዩ የዘይት ቀለም ቀባው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ዞረ። ያሁኑ ሻጋታ ያለፈው «እድሳት» ውጤት ነው። የአያቴም ቤት እንደዚሁ ሆኖ ነው የተበላሸው። ሲሚንቶውን ፍቆ በኖራ መልሶ መለሰን ነው፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ሚስጥር የለውም።

አዲስ ጅማ፦
እሺ ኖራው ገባኝ። የሌሊት ወፉስ? እሱም ቅርስ ነው?

ፈረንጅ አራዳ፦
እሱን ለዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂ ክፍል 😄

ሚክሰር፦
ድምፅ ባለሙያ ነኝ፣ በዛ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሠርግና ስብሰባ እንደሠራሁ እግዜር ነው የሚያውቀው። @የሂርማታ ልጅ ያልከው ነገር ልክ ነው ግን ግማሹ ነው። የአዳራሹ ችግር ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ የሚመጣው፣ ሌላው ውስጡ የሚዞረው።

ከላይ የሚመጣውን ቺፕውድ ኮርኒስ አያቆመውም። ቀላል ነገር ድምፅ አያቆምም። ሰዎች አሁን ሳንድዊች ፓኔል (በሁለት ቆርቆሮ መሃል ሙሌት ያለው) እንግጠም ይላሉ። ውስጡ ነጭ ፎም ከሆነ ሙቀት ይቀንሳል እንጂ የዝናብ ድምፅ ላይ ብዙም አይረዳም፣ እሱም ቀላል ነው። የሚሠራው ክብደትና ክፍተት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም የፋይበር ጥጥ ይነጠፋል፣ ከዛ ክፍተት ይተዋል፣ ከዛ ደርብ ጂፕሰም ቦርድ ይሰቀላል፣ ማንጠልጠያው ራሱ ከጣሪያው ብረት ጋር ድርቅ ብሎ መታሰር የለበትም፣ አለበለዚያ ንዝረቱ በብረቱ አድርጎ ይወርዳል። ጣሪያው ያን ክብደት ይችል እንደሆነ ኪቶ ይንገረን።

ውስጥ የሚዞረው ደግሞ ገደል ማሚቶው ነው። ባዶውን ሳለ ገብታችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ሄዶ ተመልሶ፣ ሄዶ ተመልሶ ነው የሚጠፋው። ለቲያትር ድምፁ በ1 ሰከንድ አካባቢ ቢሞት ነው ጥሩ፣ ለኦርኬስትራ ደግሞ 2 ሰከንድ ያህል ቢቆይ ያምራል። የኛ አዳራሽ ለሁለቱም አይደለም፣ ቃላቱ ይጠላለፋሉ። ተናጋሪው «አልተሰማም» ይላል፣ ሞንታርቦ ይጨመራል፣ ሲጨመር የባሰ ይጠላለፋል። እኔን ይሰድቡኛል። 15 ዓመት ሙሉ በግድግዳው ምክንያት የተሰደብኩት እኔ ነኝ።

የሂርማታ ልጅ፦
ወይ ጉድ፣ ለካ አንተ ነህ። እኔም ሰድቤሃለሁ፣ ይቅርታ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
የጣሪያው ክብደት ጉዳይ ተከፍቶ ሳይታይ አይባልም። እንጨቱ ምስጥ ከበላው መጀመሪያ እሱ ይቀየራል። ትራሱ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው ማዕቀፍ፣ ብረት ከሆነ ዝገቱ ይታያል። ሌላ አንድ ነገር ግን አስሉልኝ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ጣሪያው 600 ካሬ ሜትር ቢሆን 900 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳን 72 ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ይሞላል። ይሄ ሁሉ አሁን የሚሄደው የት ነው? አደባባዩ ላይ። ከዛ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም እንላለን።

ባጃጅ ቁጥር 3፦
እኔ ደግሞ የሚሄደው እኔ ባጃጅ ውስጥ መስሎኝ ነበር

የጀበናዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አዳራሹ ብዙ ተባለ፣ ስለ አደባባዩ ግን ማንም አላነሳም። እናቴ ዋርካው ሥር ቡና ታፈላለች። እኔ የተማርኩት በዛ ጀበና ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሰሉ ይያያዛል፣ ሦስት ሰዓት ላይ የቢሮ ሰው ይመጣል፣ ከሰዓት ሊስትሮዎቹና ሎተሪ አዟሪው፣ ወደ ማታ ተማሪዎች። በርጩማዎቹ ዘጠኝ ናቸው፣ አንዱ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቶለታል፣ የሚያውቀው ሰው ድንጋዩን በእግሩ አስተካክሎ ነው የሚቀመጠው።

እኔ የምፈራው ምን መሰላችሁ? ሌላ ቦታ አደባባይ ሲታደስ አይቻለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ዛፉ ተቆረጠ፣ በምትኩ ድስት በሚያክል ማሰሮ ውስጥ አበባ ተተከለ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ተነጠፈ። ለምረቃው ቀን አምሮ ነበር። ከዛ ዝናብ መጣ፣ አንዲት እናት እንቁላል ይዘው ሲሻገሩ ወደቁ፣ ወገባቸውን እስከዛሬ ያማቸዋል። በፀሐይ ደግሞ ማንም አይቀመጥበትም፣ ይፋጃል። ሰው የሌለው አደባባይ ሆነ። ጥበቃ ተቀጠረለት፣ የሚጠብቀው ግን ሰው እንዳይቀመጥ ነው።

የኛ እንደዛ ይሆናል? ዋርካው ይቆረጣል?

አናጢው፦
ልጄ፣ ዋርካውን የሚቆርጥ ሰው እኔን ቀድሞ ይቁረጥ። ይሄ አገር እኮ ስብሰባን የጀመረው ዛፍ ሥር ነው። «ኦዳ ሁሌ» የሚባለው የጉባኤ ዛፍ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው ያለው፣ ሽማግሌ ሕግ ያወጣው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። አዳራሽ ትናንት የመጣ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመድረኩን ወለል ያየ አለ? ቀይ ምንጣፍ ተጣብቆበታል። ከዓመታት በፊት አንድ ጥግ ላይ ተነቅሎ ልጠግን ተጠርቼ ነበር። ከሥሩ ዋንዛ ነው። ሙሉ ጣውላ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር በምላስና በጎድጓዳ የተያያዘ፣ ሚስማር እንኳን አይታይበትም። ምስጥ አልነካውም። ያን ጣውላ ዛሬ ልግዛ ብትሉ አታገኙትም፣ ብታገኙም ዋጋውን ሰምታችሁ ትመለሳላችሁ። ምንጣፉን ያጣበቁበት ሙጫ ግን እንጨቱን እያፈነው ነው። ይነሳ፣ ይጠረግ፣ ዘይት ይጠጣ፣ በቃ። ተወዛዋዥ እግሩ የሚያርፍበት እንጨት ነው እንጂ ሲሚንቶ ላይ የተጣበቀ ምንጣፍ አይደለም፣ ጉልበት ይጨርሳል።

ወንበሩንም ከውጭ እናስመጣለን እንዳይሉ። ጅማ ወንበር አስመጣች ቢባል አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ሆነው ይስቁብናል።

ሚክሰር፦
ጋሼ አናጢው፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በወንበሩ ላይ አልስማማም። ደረቅ የእንጨት ወንበር ድምፅ ይመልሳል። አዳራሹ ሲሞላ ሰዉ ድምፁን ይውጠዋል፣ ባዶ ሲሆን ወንበሩ ያስተጋባዋል፣ ስለዚህ ልምምድ ላይ ያስተካከልኩት ማታ ላይ ሌላ ይሆንብኛል። ስፖንጅና ጨርቅ ያለው ወንበር ግን ሰው ቢኖርበትም ባይኖርበትም ተቀራራቢ ነው። የውጮቹ የሚያመጡት ለምቾት ብቻ አይደለም።

አናጢው፦
ስፖንጅ ማልበስ እኔም እችላለሁ እኮ። አጥንቱን ከዚህ እንሥራው፣ ሥጋውን አንተ እንዳልከው እናልብሰው። የሚታጠፈውን ማጠፊያ ብቻ ይግዙልን።

ሚክሰር፦
እሱ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ከሥሩም ይልበስ፣ ሲታጠፍ የሚታየው እሱ ነው።

ከባህር ማዶ፦
ጅማ ተወልጄ ኒውዮርክ ነው የምኖረው፣ ውይይታችሁን አንድ ምሽት ሙሉ አነበብኩት። እዚህ ሊንከን ሴንተር የሚባል ቦታ አለ፣ አደባባይ አለው፣ ፏፏቴ አለው፣ ዙሪያውን የኪነ ጥበብ ቤቶች። ከነሱ አንዱ በ1962 በፈረንጆቹ የተከፈተ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ድምፁ መጥፎ ነው ተብሎ ሲታማ ኖረ። ስንቴ ነካኩት። በመጨረሻ ውስጡን ሙሉ በሙሉ አፍርሰው ሠሩትና በ2022 ተከፈተ፣ 550 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ገንዘቡን እርሱት፣ ከኛ ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው ያደረጉት ነገር ነው። ወንበር ቀነሱ! 2738 የነበረውን ወደ 2200 ገደማ አወረዱት፣ መድረኩን ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሕዝቡ አስጠጉት፣ ሰው ከመድረኩ ጀርባም እንዲቀመጥ አደረጉ። እና ደግሞ የመግቢያው ክፍል ውስጥ ትልቅ ስክሪን ሰቀሉ፣ ትኬት የሌለው ሰው ገብቶ ውስጥ የሚሠራውን በነፃ እንዲያይ።

እኛ አገር እድሳት ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሰው ይይዛል?» ነው። ያነሰ ሰው ቢይዝና ሁሉም ቢሰማ አይሻልም?

ባጃጅ ቁጥር 3፦
ስክሪኑን አደባባዩ ላይ! ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ የበላ ጊዜ ስክሪን ቢኖር ኖሮ እኔ ባጃጄን ሸጬ ነበር የማየው

አዲስ ጅማ፦
አሁን የምታወሩት ደስ ይላል ግን ማነው የሚከፍለው? አዳራሹ ገቢ ካላስገባ በሁለት ዓመት ተመልሶ የሌሊት ወፍ ቤት ነው የሚሆነው። ይሄን ማንም መመለስ አልቻለም። እኔ ፎቅ ያልኩት ወድጄ አይደለም።

የሂርማታ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ እሱ ጥያቄ ከባድ ነው። አሁን ያለው አሠራር ግን ገቢም ቲያትርም የለውም። ባለፈው የሰፈር ልጆች አንድ ድራማ አዘጋጅተው አዳራሽ ፈለጉ። ለአንድ ቀን የተጠየቁት ኪራይ ሠርግ የሚከፍለው ዋጋ ነው። የትኬት ሽያጫቸው በሙሉ ግማሹን አይሸፍንም። ትተው ሄዱ። የዚያን ቀን አዳራሹ ባዶውን አደረ፣ ማንም አልተከራየውም። ሠርግ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ይክፈል፣ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቀንሳል፣ ሰኞና ማክሰኞ ማን ይፈልገዋል? እነዚያን ቀኖች ለልጆቹ ከገቢያቸው በመቶኛ ይስጧቸው። ካገኙ ይከፍላሉ፣ ካላገኙ አዳራሹም የሚያጣው ነገር የለም።

ሚክሰር፦
ወጪ መቀነስም ገቢ ነው። አሁን ያሉት ፓርካን መብራቶች እያንዳንዳቸው 1000 ዋት ይበላሉ። ሃያ ሲሆኑ 20 ኪሎ ዋት ነው። በ200 ዋት ኤልኢዲ ብትቀይራቸው 4 ኪሎ ዋት። መብራት ሲጠፋ የምታስነሳው ጄኔሬተር አነሰ ማለት ነው፣ ነዳጁም አነሰ፣ ጩኸቱም አነሰ። ደግሞ ተዋናዩ በላብ አይጠመቅም።

ሁለት ጎማ፦
እኔ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ጅማ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ 34 ዓመቴ ነው። ዊልቸር ላይ ነኝ። ደረጃው አምስት ነው፣ ከውጭ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። ሰዎች ተሸክመን እናስገባህ ይላሉ፣ ደጎች ናቸው፣ ግን ሲኒማ ለማየት ሰው ትከሻ ላይ መውጣት ደስ አይልም። ከፍቅረኛዬ ጋር ስሆን ደግሞ አስቡት።

የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ ይኑረው ይላል። ስለዚህ ልመና አይደለም። አምስት ደረጃ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 75 ነው። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር መውጫ ያስፈልጋል፣ ለኛ 9 ሜትር ይበቃል። በጎን በኩል ቦታው አለ፣ አሁን ቆሻሻ ገንዳ የቆመበት። ግን እባካችሁ ከኋላ በኩል በኩሽና በር አድርጋችሁ አታስገቡን፣ እኔም እንደ ሰው በዋናው በር ልግባ። ውስጥም ከመጨረሻው ወንበር ኋላ የሚያቆሙን ልማድ አለ፣ እሱም ይቅር።

የሂርማታ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እኔ ያን በር ሺህ ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ ዛሬ ነው ያወቅኩት።

የጀበናዋ ልጅ፦
@ሁለት ጎማ፣ ኮብልስቶኑም ያስቸግርሃል አይደል?

ሁለት ጎማ፦
ጥርሴን ነው የሚያነቃንቀኝ። ሙሉውን ይነሳ አልልም፣ ያምራል። መሃሉን አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ለስላሳ ግን የማያንሸራትት መንገድ ቢተውልኝ ከባጃጅ ወርጄ እስከ በሩ፣ ከዛ እስከ እናትሽ ቡና ድረስ እደርሳለሁ።

ድሮ ተዋናይ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። @የሂርማታ ልጅ፣ በዝናብ ቁጭ ያለችው ልጅ እኔ ነኝ።

አንደኛ ሐምሌ አልነበረም፣ ሐምሌ ትምህርት የለም። ሰኔ ነበር፣ የወላጆች ቀን። ሁለተኛ የሞተው ልጄ ሳይሆን ወንድሜ ነው፣ እኔ እናት ሆኜ ተጫውቼ አላውቅም። ሦስተኛ 20 ደቂቃ ሳይሆን ወደ 40 ይጠጋል፣ ቂጤ ደንዝዞ ነበር። አራተኛ ደግሞ አንተ ገመዱን ይዘህ አልጠበቅክም። ቆሎ ልትገዛ ወጥተህ ስትመለስ ጫማህ ጭቃ ነበር፣ መድረኩን አጨቀየኸው፣ እኔ ነኝ ያጸዳሁት።

ሌላው ሁሉ ልክ ነው 😂

ለኔ ግን ከጣሪያውም በላይ ያለ ነገር አለ፣ ልናገረው። የሴቶች ልብስ መቀየሪያ አልነበረንም። ከመድረኩ ጀርባ በነጠላ ከልለን፣ አንዷ ስትቀይር ሌላዋ ቆማ ትጠብቃለች። ልጄ አሁን ትተውናለች፣ ዘንድሮም እንደዛው ነው የምትቀይረው። ሽንት ቤት ደግሞ ለሴት አንድ፣ ለወንድ አንድ። እኩል ይመስላል። በእረፍት ሰዓት መጥታችሁ ሰልፉን እዩት። የሴቶቹ በር ሳይደርሰን ሁለተኛው ክፍል ይጀመራል።

የሂርማታ ልጅ፦
እህቴ!! አንቺ ነሽ? ምን ልበል፣ ቆሎው ትክክል ነው። ትዝ አለኝ። ከ20 ምናምን ዓመት በኋላም ቢሆን ይቅርታ።

ባጃጅ ቁጥር 3፦
ውይይቱ የዳኝነት ችሎት ሆነ

ሚክሰር፦
ስሙ፣ ወሬ ብቻ ከምናወራ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ እንሂድና እንለካው። ጥበቃውን አውቀዋለሁ። ኪቶ ጣሪያውን በዓይኑ ይይ፣ ጋሼ አናጢው የምንጣፉን ጥግ ያንሱልን።

ፈረንጅ አራዳ፦
ዝናብ ከሆነስ?

ሚክሰር፦
ዝናብ ካልሆነ ነው የሚከፋኝ።

የሂርማታ ልጅ፦
ሄደን መጥተናል፣ ስድስት ሆነን። ዝናቡ አላሳፈረንም፣ 10 ሰዓት አካባቢ ጀመረ። ከዝናቡ በፊት ሚክሰር የድምፁን መጠን በስልኩ ለካ፣ ባዶው አዳራሽ 38 ዴሲቤል። ዝናቡ ሲበረታ 81 ደረሰ። የስልክ መለኪያ ነው፣ ፍርድ ቤት አይቀርብም፣ ግን የሰው ተራ ንግግር 60 አካባቢ ስለሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ ስሜን እየጠራሁ ጮህኩ። ሁለት ጎማን አራት ሆነን አስገብተነው መሃል ላይ ነበር፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። አልሰማም። በነገራችን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መግባቱ ነው፣ ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ «ይሄ ነው እንዴ?» አለ። ትንሽ አፈርን።

ጋሼ አናጢው ምንጣፉን በቢላ ከፍ አደረጉት። ዋንዛው አለ። ጥቁር ሆኗል፣ ሙጫው ልብስ ሆኖበታል። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ወርቅማው ቀለም ወጣ። ምንም አልተናገሩም፣ ምንጣፉን መልሰው በእግራቸው ረገጡት።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
ጣሪያው የእንጨት ትራስ ነው። ያየሁት ከታች ነው፣ በተቀደደው ኮርኒስ በኩል። ሁለት ቦታ ውሃ ገብቶ እንጨቱ ለስልሷል። ሚክሰር የሚለውን ክብደት አሁን ባለው ላይ መጫን አይቻልም፣ መጀመሪያ መጠናከር አለበት። ይሄ ማለት በጀቱ ትልቁ ጣሪያው ላይ ነው የሚሄደው፣ ለመስታወት የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ለኔ ጥሩ ዜና ነው።

አዲስ ጅማ፦
እኔም ሄጄ ነበር፣ ስሜን አላነሳችሁም እንጂ። አሁንም ፎቅ ይሻላል እላለሁ፣ የጣሪያውን ወጪ ኪቶ ሲናገር ሰምታችኋል። ወለሉ ግን... ወለሉን ቤቴ ባገኘው።

ከባህር ማዶ፦
ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ጅማ ነው የተወለደው። አንድ ቀን መጥቶ ቫይብራፎኑን ቢመታልን ዝናብ ይውጠው ነበር ማለት ነው። ደብዳቤ ጻፉ፣ እኔም ከዚህ እፈርማለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ደብዳቤውን ጽፌያለሁ፣ ሁለት ገጽ ነው። ጣሪያው ከቀለም በፊት፣ ኖራ እንጂ ሲሚንቶ አይሁን፣ የዋንዛው ወለል ይውጣ፣ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ፣ መወጣጫው በዋናው በር በኩል ይሁን፣ ለሴቶች ሽንት ቤትና መቀየሪያ ይጨመር፣ ዋርካውና ሥሩ ያሉት ይቆዩ፣ ሰኞና ማክሰኞ ለልጆች። የባጃጅ ፓርኪንግም አስገብቻለሁ፣ እንዳትጮህብኝ ብዬ። ማነው ቢሮ የሚያስገባው? እኔ ባለፈው በሌላ ጉዳይ አንድ ቢሮ ሦስቴ ሄጄ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብያለሁ።

የጀበናዋ ልጅ፦
ለእማዬ ስጧት። ከሰዓት በፊት ቡናቸውን የሚጠጡት እሷ ጋ ነው፣ ማን መቼ እንደሚገባ ከጸሐፊዋ በላይ ታውቃለች። ሲኒው ሥር ታስቀምጥላቸዋለች።

ባጃጅ ቁጥር 3፦
ደብዳቤውን እኔ አደርስላታለሁ። በነፃ ግን አይደለም፣ በአንድ ስኒ ቡና።